ሙሄዲን የነቀለው ሣር

የሙሄዲንን ማሳ ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ከጭሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከተራራው በሚወርደው ፈፋ ዳር፣ ሣር የወረሰው መሬት ከታየ የእሱ ነው። ላይኛው በኩልስ ደህና ነው፤ ጫቱ ተኮትኩቷል፣ ማሽላው በመስመር ቆሟል። ወደ ፈፋው ሲጠጉ ግን ሃያ እርምጃ ያህል ስፋት ላይ ሰርዶና ሰንበሌጥ ተደባልቆ እንዳሻው ይፈነጫል። ሰው በድንጋይ እርከን ጫፍ ላይ ሦስት እግር ማሽላ በሚተክልበት አገር ይህ እብደት ነው። ድንበርተኛው ዓሊዩ በዚያ ባለፈ ቁጥር አፉን አይይዝም፤ "አያ ሙሄዲን፣ ሣሩን ለመንግሥት ነው የምታረባው?" ይለዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይቀር አንድ ቀን በስብሰባ መሃል ስሙን ጠርቶ ስንፍናውን ነቅፎበታል።

የሚገርመው ሙሄዲን ሰነፍ አለመሆኑ ነው። በጎረምሳነቱ ከጭሮ እስከ ሂርና እንደ እሱ አራሚ አልነበረም። እሱ ያረመው ማሳ ላይ ዶሮ ብትለቀቅ በረሃብ ታልቃለች እየተባለ ይቀለድ ነበር። አረም ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ሰው ቤት ለቅሶ ሄዶ እንኳ ከደጃፉ ላይ ሁለት ሦስት ሥር ሳይነቅል አይገባም ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ምን ሆኖ ሣር መንካት እንዳቆመ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ራሱ ሙሄዲን። ሚስቱ ኩብራ እንኳ አታውቅም። ይልቁንም ከሁሉ በላይ ኩብራ እንድታውቅ አይፈልግም ነበር።

ኩብራ የአሰብ ልጅ ናት። አባቷ ጂብሪል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጭሮ ከገባች ወዲህ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ለምዳ፣ ለአንድ ጫት ነጋዴ ጫት በማሰር ትሠራለች። በከተማው የታወቀችው በዚሁ እስሯ ነው። ሌላዋ ሴት በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ በልጥ አንድ ጊዜ ቋጥራ ትጥላለች። ኩብራ ሦስት ጊዜ ትቋጥራለች። ቋጥራ ትስበዋለች፣ ደግማ ቋጥራ ትስበዋለች፣ ሦስተኛውን በጥርሷ ታጠብቀዋለች። ነጋዴው ይወድላታል፤ በመኪና ሲንገላታ የእሷ እስር አይፈታም። ቃሚዎች ግን ምሳቸውን በልተው፣ ፍራሻቸውን አንጥፈው፣ የመጀመሪያዋን እስር ሲያነሱ ይራገማሉ። "ወላሂ ይህቺ ሴትዮ ጫት ነው ወይስ እስረኛ የምታስረው?" እያሉ ቢላዋ ይፈልጋሉ።

ሰው ይሳቅ። ሙሄዲን አንድም ቀን አልሳቀም። ፍየሏን ስታስር ሦስት፣ የእህል ጆንያ ስታስር ሦስት፣ የልጃቸውን የረዲያን የፀጉር ክር ሳይቀር ሦስት ጊዜ ስትቋጥር ያያል። ባየ ቁጥር ዞር ብሎ ይወጣል። ወጥቶም የሚሄደው ወደዚያው ሣር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. ነው። ሙሄዲን ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ገብቶ፣ ማደሪያ ሲያጣ፣ ከከተማው ራቅ ብላ በምትገኝ፣ ወደ መሬት ገባ ባለች ትንሽ የባሕር ሰርጥ አፍ ላይ ከሚኖረው ከጂብሪል ዘንድ ተጠጋ። ጂብሪል ሚስቱ ሞታበት ከአንድ ልጁ ከኩብራ ጋር ብቻ የሚኖር፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። እንግዳውን ወደደው። "የተራራ ልጅ፣ እስኪ ባሕሩን አታስፈራራው" እያለ ያሾፍበታል፤ ሙሄዲን ውሃው ጉልበቱን ካለፈ ይንቀጠቀጥ ነበርና።

የሰርጡ ወለል ሣር ነበር። ሙሄዲን ሣር ከባሕር ውስጥ ይበቅላል ቢሉት ከዚያ በፊት አያምንም ነበር። ጠባብ፣ ረጅም፣ ልል ቅጠል ነው፤ ሥሩ በአሸዋው ውስጥ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ኩብራ በጀልባው ጠርዝ ላይ በደረቷ ተኝታ ያንን ሣር ማየት ትወድ ነበር። አንድ ቀን ጠርታ አሳየችው። ማዕበሉ ወደ መሬት ሲገፋ ሣሩ ሁሉ አንድ ላይ ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ መጀመሪያ ወገቡ፣ ቀጥሎ ጫፉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል። ውሃው ሲመለስ ደግሞ ቀና ይልና፣ ጫፉ ዘግይቶ ተከትሎት፣ ወደ ባሕሩ ያጎነብሳል። ማዕበሉ ትንሽ ሲሆን ቆሞ ይወዛወዛል፤ ጠንከር ሲል ልጥፍ ብሎ ተኝቶ ከላዩ ያሳልፈዋል።

"ሲሰግድ አትመስልህም?" አለችው።

ሙሄዲን ሣሩን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው። ነገሩ ያለቀው ያኔ ነው።

ጂብሪል በሣሩ የሚማረርበት አንድ ነገር ነበረው። አሮጌ ሞተር ገዝቶ ጀልባው ላይ ገጥሟል፤ ወደ ሰርጡ ሲገባ ቅጠሉ እየተጠመጠመ ሞተሩን ያንቀዋል። ሁልጊዜ እየተሳደበ፣ በቢላዋ እየቆረጠ፣ በመቅዘፊያ ይገባል። በጥር ወር ለዘጠኝ ቀን ወደ ደሴቶቹ ወጣ። ሙሄዲን ጊዜው አሁን ነው አለ። ኩብራን ሊጠይቀው አስቧል፤ ባዶ እጁን ያለ ወደብ ተሸካሚ ደግሞ ምን ይዞ ይጠይቃል? የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው። ማረም።

ውሃው በሚሸሽበት ሰዓት ዶማና ማጭድ ይዞ ገባ። ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ እስከ ወገቡ እየቆመ፣ እንደ ጫት ማሳ ከዳር ጀምሮ በመስመር በመስመር ነቀለው፤ ከነሥሩ። ሥር የተወ አራሚ አላረመም ማለት ነው ሲባል ሰምቶ ነው ያደገ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ኩብራም ልብሷን ሸብ አድርጋ ገብታ አገዘችው፤ የነቀሉትን ወደ ዳር እየጎተተች ስትከምር እየሳቀች ነበር። በስምንተኛው ቀን የሰርጡ ወለል ነጭ አሸዋ ሆኖ አበራ። ሙሄዲን ዳር ቆሞ አየና በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቶ እንደማያውቅ ተሰማው።

ጂብሪል የተመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውሃው ሞልቶ ወለሉ አይታይም። "ዛሬ ሞተሩ አልታነቀም! ምን ጉድ ነው?" እያለ ሰተት ብሎ ገባ። ኩብራና ሙሄዲን ተያይተው ሳቁ። ነገ ጠዋት ውሃው ሲሸሽ እናሳየዋለን ተባባሉ። ሙሄዲን ጥያቄውንም ለነገ ጠዋት አዘጋጀ። ኩብራ ጀልባውን እንደ ወትሮዋ በችካሉ ላይ አሰረችው፤ አንድ ቋጠሮ፣ ልል ያለ። ሰርጡ ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ነውና ከዚያ በላይ ፈልጎ አያውቅም።

ሌሊቱን የደቡብ ነፋስ ተነሣ። ጂብሪል የንጋት ሶላቱን ሰግዶ ሲወጣ ማዕበሉ ሰርጡ ውስጥ እንደ ውጪው ባሕር ይነሣል። ጀልባው ከችካሉ ተላቅቆ እየተላጋ ነበር። "ምን መጣብን!" ብሎ ሮጦ ገባ። ጫፉን ይዞ ሊጎትት ሲል አንድ ማዕበል ጀልባውን አንሥቶ ደረቱ ላይ ጣለበት። ሙሄዲን እስከ አንገቱ ገብቶ ነው ያወጣው። ያን ዕለት ውሃ አልፈራም፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ጂብሪል እቤቱ ሳይደርስ አለፈ።

ጀልባው በኋላ ድንጋይ ላይ ተገኘ። ገመዱ አልተበጠሰም፤ እንዳለ ነው። ችካሉም እንደቆመ ነው። የተፈታው ቋጠሮው ነው። ኩብራ ገመዱን አይታ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ "እኔ ነኝ" አለች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አብዱልቃዲር የሚባል ሽማግሌ አጥማጅ፣ የጂብሪል የሩቅ ዘመድ፣ ሙሄዲንን ለብቻው ወደ ውሃው ዳር ወሰደው። ውሃው ሸሽቶ ነበር። ሽማግሌው ነጩን አሸዋ ረጅም ጊዜ አየ። ዳር የተከመረውንም ሣር ማዕበሉ ጠርጎ ወስዶታል።

"ሣሩ የት ሄደ?" አለ።

"ምን ሣር፣ አባ?"

"እዚህ የነበረው ነዋ። አየህ ልጄ፣ ይህ ሰርጥ ጸጥ የሚለው በሣሩ ነው። ማዕበል ሲመጣ ሣሩ አይጣላውም፣ አብሮት ይሄዳል። የሚሄድበት ርዝመት ሲያልቅበት ነው የሚይዘው። ተመልሶም እንደዚያው። አንዱ ቅጠል ምንም አይደለም፤ ግን እንዲህ ሺህ በሺህ ሆኖ ከጉልበቱ ትንሽ ትንሽ ሲቀንስለት፣ ዳር ሲደርስ ማዕበል አይባልም። እኔ ሰባ ዓመት እዚህ ውሃ ላይ ኖሬ ቋጠሮ የፈታ ማዕበል እዚህ ሰርጥ ውስጥ አላየሁም። ማን ነቀለው?"

"እንጃ፣ አባ" አለ ሙሄዲን።

እንጃ። ይህቺን ቃል ሲላት እጁ ላይ ዶማ የፈጠረው ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። መዳፉን ጨበጠው። ሽማግሌው የጀልባ መልሕቅ ጎትቶት ይሆናል ብሎ በራሱ ገምቶ ተመለሰ። ከቤት ውስጥ የኩብራ ልቅሶ ይሰማል፤ "አላጠበቅሁትም፣ አባዬ፣ አላጠበቅሁትም" ትላለች። ሙሄዲን በዚያች ደቂቃ ገብቶ "ቋጠሮው አይደለም" ማለት ይችል ነበር። ጥቂት እርምጃ ነው። አልሄዳትም።

አርባው እንዳለፈ ኩብራን የዳረለት ራሱ አብዱልቃዲር ነው፤ "አባቷን ከባሕር ያወጣ ሰው ነው፣ አደራ አይበላም" ብሎ መሰከረለት። ሙሄዲን በሳምንቱ ሚስቱን ይዞ ወደ ጭሮ ገሠገሠ። ያን ጊዜ መሬት ላራሹ ታውጆ ነበርና መሬት ይደርሰኛል ብሎ ነው የቸኮለ ተባለ። እሱ ግን ሌላውን ያውቃል። ኩብራና ሽማግሌው አንድ ቀን ተቀምጠው ስለ ሣሩ ቢያወሩ አለቀለት። ወዷት ነው ያገባት ወይስ እንዳትሰማ ሊወስዳት? ይህን ጥያቄ ራሱን ስንት ጊዜ ጠየቀ፤ አንድም ቀን ጥርት ያለ መልስ አላገኘም።

ዓመታት ሄዱ። ጦርነት መጣ፣ ሰፈራ መጣ፣ ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። ረዲያ ተወለደች። ኩብራ ቋጠረች። ሙሄዲን አንዳንዴ ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ይነሣል። ከዚያ ሰበብ አያጣም፤ እሷም ሁለት ቀን አብራኝ ነቅላለች፣ ብነግራት ከአንዱ ጸጸት አውጥቼ ሌላ መጫን አይደለም ወይ ይላል። ጥሩ ሰበብ ነበር፤ ለራሱ ግን አልጣፈጠውም። መስከረም ላይ ማሽላው በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ኩብራ ቆም ብላ "ያንን ሣራችንን ይመስላል" ስትል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ የሌለ አረም ይፈልጋል። ከፈፋው ዳር ያለውን ሣር ማንም እንዳይነካ ያደረገው በመጣ በዓመቱ ነው። ካሣ መሆኑ ነው። ለማን እንደሚክስ ግን እሱም አያውቅም።

ነሐሴ 1981 አንድ ከሰዓት፣ ጭሮ ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ዶፍ ጣለ። ኩብራ ጠዋት ፍየሏን ከፈፋው ወለል ካለች ግራር ሥር አስራት ሄዳለች፤ ሦስት ቋጠሮ። ረዲያ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ፣ የውሃውን ድምፅ ስትሰማ ፍየሏን ልትፈታ ወረደች። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታች። ሁለተኛው ረጥቦ እምቢ አላት። ጎርፉ ደረሰ።

ዓሊዩ ነበር መጀመሪያ የደረሰው። ጎርፉ ልጅቷን አንከባሎ ወደ ሙሄዲን ሣር ወርውሯታል። ሣሩ በውሃው ሥር ልጥፍ ብሎ ተኝቷል፤ ሥሩ ግን አልለቀቀም፣ እሷም በሁለት እጇ ጨብጣው አልለቀቀችም። ዳሩ ላይ ውሃው ጉልበቱ ደክሞ ስለነበር ዓሊዩ እስከ ጭኑ ገብቶ ጎትቶ አወጣት። ከጭረት በቀር ምንም አልሆነችም። ፍየሏ ግን ሞተች። ውሃው ሲጎድል እንደታሰረች ግራሩ ሥር ተገኘች።

ኩብራ ከገበያ ሮጣ መጣች። ልጇን አቅፋ፣ ዳብሳ፣ ስማ ከጨረሰች በኋላ ወደ ፍየሏ ወረደች። ተንበርክካ ገመዱን አየች። ሁለቱ ቋጠሮ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። "አላልቼ አባቴን ገደልሁ፤ አጥብቄ ልጄን ልገድል ነበር" አለች። የሰማት ሙሄዲን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጎረቤት ሁሉ እንኳን አተረፈላችሁ ሊል መጣ። ዓሊዩ እንደ ልማዱ አፉን አልያዘም። "እኔ ነኝ ስስቅበት የኖርሁት! የሰነፍ ሣር መስሎኝ! አያ ሙሄዲን፣ ይህን ያወቅህ አንተ ሊቅ ነህ። ላይኛው የፈፋ ዳር ሁሉ ተቦጫጭቆ ሲሄድ ያንተ አንዲት ጋት አልተነካም!" እያለ ለመጣው ሁሉ ይደግመዋል። ሊቀመንበሩ ሳይቀር መጥቶ፣ ሌላውም ገበሬ ከሙሄዲን ይማር አለ። እያንዳንዷ ምስጋና ሙሄዲንን እንደ ጥፊ አቀላችው። ሰው ትሕትና መሰለው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኩብራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እናቷ የሞተችባትን ግልገል ታባብላለች። ቀና ብላ አየችው፤ በፍቅር ነው ያየችው።

"ሰው ሰነፍ ሲልህ ዝም ትል ነበር" አለችው። "እኔም አንዳንዴ ብያለሁ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅርታህን። ሣር ውሃን እንዲህ እንደሚይዝ ማን ነገረህ?"

ሙሄዲን ውሸት አላጣም። አባቴ ነው፣ ቢል አለቀ። ግን የረዲያ እጆች ታዩት፤ የሣሩ ስለት ቆራርጦአቸዋል። የእሱም መዳፍ አሰብ ላይ እንደዚያ ነበር።

"አብዱልቃዲር" አላት።

ሳቅ አለች። "አብዱልቃዲር የባሕር ሰው ነው። ስለ ፈፋ ምን ያውቃል?"

"ስለ ፈፋ አይደለም የነገረኝ።"

ከዚያ ተናገረ። ቆሞ ነው የተናገረው፣ ለመቀመጥ ድፍረት አጥቶ። ሰርጡ ለምን ጸጥ ይል እንደነበር፣ ሣሩ አብሮ እየሄደ እንዴት ማዕበሉን እንደሚያደክም፣ ሽማግሌው ማን ነቀለው ብሎ ሲጠይቀው እንጃ ማለቱን። "ቋጠሮሽ አልነበረም" አላት። "ያ ቋጠሮ ሣሩ ባለበት ሰርጥ መቶ ዓመት ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ።"

ኩብራ ግልገሏን እንዳቀፈች፣ "እኔም አብሬህ ነቅያለሁ" አለች።

"ሁለት ቀን። ሐሳቡ የእኔ ነው።"

"አላወቅንም።"

"አላወቅንም።"

ሙሄዲን እዚህ ላይ ትንሽ እፎይ አለ። ኩብራ ግን አልጨረሰችም።

"መቼ ነው የነገረህ?"

"በሦስተኛው ቀን።"

"የምን ሦስተኛ ቀን?"

"የለቅሶው።"

"ሳልዳር?"

"አዎ።"

"ረዲያ ሳትወለድ?"

"አዎ፣ ኩብራ።"

እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። የጫት ልጥ ለዓመታት የሞረዳቸው፣ ጣቶቻቸው በማጥበቅ የጎበጡ እጆች ናቸው። "ሣሩን ሳናውቅ ነቀልነው፤ ይህን አላህ ያየዋል፣ ለዚህ አልከስህም" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "አንተ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እነዚህን እጆቼን ስታይ ነበር።"

አውፍ በይኝ የምትለው ቃል በሙሄዲን ምላስ ላይ መጥታ፣ አነሰችበትና ዋጣት።

ኩብራ ተነሣች። ግልገሏን ከበረቱ እንጨት አጠገብ ወሰደችና ገመዱን አዞረች። አንድ ጊዜ ቋጠረች። እጇ ለሁለተኛው ከፍ ብሎ ነበር፤ ግን አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያም ወረደ። በአጠገቡ አልፋ ወደ ቤት ገባች። አላየችውም።

ግልገሏ ገመዱን ሳብ ሳብ አደረገችው። ሙሄዲን ደንግጦ እጁን ዘረጋ፤ አንድ ቋጠሮ፣ አንድ ብቻ ሊጨምርበት። ከዚያ የማን ቋጠሮ እንደሆነ አስታወሰና እጁን ሰበሰበ። ገመዱ ያዘ። እሱ ግን ይፈታ ይሆን እያለ እስኪጨልም ድረስ እዚያው ቆሞ ጠበቀው።